ከ15ኛው ፊደል በኋላ

የማሽላ ዘር የሚከፋፈልበትን ቀን የሚያሳውቅ ኢሜይል ከቆቦ ወጥቶ ደሴ ገባ። ሲጻፍ ርዕሱ «የማሽላ ዘር ስርጭት መርሐ ግብር» ነበር። ሲነበብ ግን ከመጨረሻው ቃል ላይ «ግ» የለችም፤ በቦታዋ የጥያቄ ምልክት ያዘሉ ሁለት ጥቁር ቅርጾች ተደቅነዋል። የደብዳቤው ውስጥ ደህና ነው። ከርዕሱም ሌላ የጎደለ ፊደል የለም። ተቀባዩ ደውሎ «ኮምፒውተራችሁ ቫይረስ ገብቶበታል እንዴ?» ብሎ ጠየቀ።

ቫይረስ አልነበረም። መስመር ያለ ቦታው ተሰብሮ ነው።

ቆቦ ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ፣ በወልድያና በአላማጣ መካከል ያለች የራያ ቆላ ከተማ ናት። በስተምሥራቅ የዞብል ተራሮች ተደርድረዋል፤ ከሥራቸው የተዘረጋው ሜዳ የማሽላ አገር ነው። እነ ደጋሊትና ጅጉርቲ ከጥንት የሚዘሩበት፣ የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከልም አዳዲስ ዝርያዎችን የሚሞክርበት መሬት ነው። ዛሬ ዘር የሚሸጥም ሆነ ማሾ ወደ መሀል አገር የሚልክ ነጋዴ የውል ወረቀቱን በኢሜይል ይለዋወጣል። ይህን ዘገባ ሳዘጋጅ በአስፋልቱ ዳር ባለ አንድ የኮምፒውተር ቤት ውስጥ፣ የእነዚህን ነጋዴዎች ኢሜይል ሰርቨር ከምትጠብቅ ወጣት ባለሙያ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ስሟ እንዲጻፍ አልፈለገችም። ሰርቨሩ ራሱ ቆቦ የለም፤ በኪራይ ውጭ አገር ነው ያለው። እሷ በስልኳ ኢንተርኔት እየገባች ታስተዳድረዋለች።

«ጋሼ፣ እስኪ ርዕሱን ይቁጠሩት» አለችኝ። ቆጠርኩ፤ 16 ፊደልና 4 ክፍት ቦታ።

ኢሜይል የተወለደው ለላቲን ፊደል ነው። ርዕሱ ላይ ሌላ ፊደል እንዲገባ የሚፈቅደው፣ ዛሬም የሚሠራበት ደንብ እ.ኤ.አ. በ1996 ሲወጣ፣ ባዕድ የሆነው ጽሑፍ በላቲን ምልክቶች ተጠቅልሎ፣ በጥቅል በጥቅል ሆኖ እንዲሄድ አዘዘ። አንድ ጥቅል ከ75 ምልክት መብለጥ አይችልም። ከእነዚህ 12ቱ ጥቅሉ በምን ዓይነት አጻጻፍ እንደተሠራ ለማስታወቅ ይውላሉ። 63 ይቀራሉ። ቤዝ 64 የሚባለው አጠቃለል ደግሞ በአራት በአራት ስለሚሄድ ከ63ቱ የሚሠራው 60 ብቻ ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ነው፤ ሦስት ባይት ሲጠቀለል አራት ምልክት ይሆናል። 60 ለ4 ሲካፈል 15። በአንድ ጥቅል 15 ፊደል፤ 45 ባይት። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ወደሚቀጥለው ጥቅል መሻገር አለበት።

ክፍት ቦታ ግን አንድ ባይት ብቻ ነው፤ ነገሩን የሚያጣምመውም እሱ ነው። በርዕሳችን ላይ «መርሐ» ካለቀ በኋላ ያለው ክፍት ቦታ 43ኛው ባይት ላይ ይወድቃል። «ግ» 44ኛውን፣ 45ኛውንና 46ኛውን ይይዛል። መልእክቱን የላከው ትንሽ ፕሮግራም ፊደል ሳይሆን ባይት ስለሚቆጥር 45 ላይ ቆረጠ። የ«ግ» ሁለት ሦስተኛ በፊተኛው ጥቅል ቀረ፤ አንድ ሦስተኛው በኋለኛው ሄደ። አንዳንድ የኢሜይል ማንበቢያ ሁለቱን ጥቅል አጋጥሞ ስለሚፈታ ጥፋቱን ይሸፍነዋል። ደሴ ያለው አልሸፈነም። ደንቡ በግልጽ ይከለክላል፤ እያንዳንዱ ጥቅል ሙሉ ፊደል እንጂ ቁራጭ መያዝ የለበትም ይላል። ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው በእንግሊዝኛ ርዕስ ሲሞክረው ግን ይህን ለማወቅ የሚችልበት መንገድ አልነበረም። የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ነው፤ የትም ቢቆርጡት ሙሉ ነው።

የብራና ጸሐፊዎቻችን መስመር ሲሞላባቸው ቃሉን ከመካከል አቋርጠው ቀሪውን ወደሚቀጥለው መስመር ያወርዱ ነበር። ቃልን ከቃል የሚለየው ሁለት ነጥብ ስለሆነ አንባቢ አይደናገርም። ፊደልን ከወገቡ የቆረጠ ጸሐፊ ግን የለም። ከማሽኑም የሚፈለገው ይኸው ነው።

የርዕሱ ነገር በፕሮግራሙ ውስጥ ጥቂት መስመር ተለውጦ ተስተካከለ። ያን ዕለት ያየሁት ሁለተኛው ችግር ግን ከሰርቨሩ የማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ ነበር፤ ሰፊውን ሰዓት የወሰደብንም እሱ ነው።

ሰርቨሩ ፖስትፊክስ ነው፤ ዊትሰ ቬነማ በአይ.ቢ.ኤም. የምርምር ማዕከል ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1998 ለሕዝብ የለቀቀው። ባለሙያዋ የደንበኞቿን የዶሜን ስሞች ከማዋቀሪያ ፋይሉ አውጥታ ወደ ዳታቤዝ ልታዛውር ፈለገች። በፋይሉ ውስጥ ስሞቹ የተዘረዘሩት እንዲህ ነበር፤ በመጀመሪያው መስመር የዝርዝሩ መጠሪያና የእኩል ምልክት፣ ከሥሩ ደግሞ በክፍት ቦታ ገባ ብለው የተጻፉ የዶሜን ስሞች። መጠሪያው ያለበትን መስመር በሃሽ ምልክት (#) ኮሜንት አደረገችው። ከሥር ያሉትን ስሞች ተወቻቸው፤ አለቃቸው ከተሰናበተ እነሱም አብረው የሚሰናበቱ መስሏት። ወዲያው ለነጋዴዎቹ የሚመጣ መልእክት ሁሉ «በአካባቢው የተቀባዮች ዝርዝር ውስጥ እንዲህ ያለ ተጠቃሚ የለም» እየተባለ ይመለስ ጀመር።

በፖስትፊክስ ደንብ በክፍት ቦታ የሚጀምር መስመር ራሱን የቻለ መስመር አይደለም፤ የቀደመው ቅጥያ ነው። ባዶ መስመርና በሃሽ የተዘጋ መስመር ደግሞ እንዳልተጻፉ ይቆጠራሉ። ሁለቱን ደንቦች አንድ ላይ ያዟቸው። መጠሪያው እንዳልተጻፈ ከተቆጠረ፣ ከሥሩ ገባ ብለው የተጻፉት ስሞች የማን ቅጥያ ይሆናሉ? ከእሱ በላይ ያለው፣ በሕይወት ያለው መስመር ቅጥያ። ያ መስመር ሰርቨሩ «የራሴ ቤት» ብሎ የሚቀበላቸውን ስሞች የሚዘረዝር ነበር። ስለዚህ ፖስትፊክስ የነጋዴዎቹን ዶሜኖች እንደ ራሱ ቤት ቆጠረ፤ ተቀባዮቹን በዳታቤዙ ሳይሆን በኮምፒውተሩ የተጠቃሚ መዝገብ ውስጥ ፈለገ፤ አጣቸውና መለሰ።

የሰርቨሩ የሥራ መዝገብ፣ ሎጉ፣ ዝም አላለም ነበር። አንድን ዶሜን በሁለቱም ዝርዝር ውስጥ አታስገባ የሚል ማስጠንቀቂያ በየመልእክቱ ደግሞ ደጋግሞ ጽፏል። እሷ ግን «ሁለት ቦታ አላስገባሁትም እኮ» እያለች አልፋዋለች። ዓይኗ በፋይሉ ላይ አንድ ቦታ ብቻ ነበር የሚያየው።

እንዲህ ያለውን የሚያወጣው ፋይሉን ደጋግሞ ማንበብ አይደለም። ሰው ፋይሉን የሚያነበው እንደ ሰው ነው፤ ገባ ያለ መስመር ሲያይ ከላዩ ካለው ጋር ያያይዘዋል፣ የተዘጋም ይሁን አይሁን። ፕሮግራሙ ፋይሉን እንዴት እንደተረዳው ራሱን መጠየቅ ይሻላል። ፖስትኮንፍ የሚባለው ትእዛዝ ይህንኑ ያደርጋል፤ ኮሜንቱን አራግፎ፣ ቅጥያዎቹን አጋጥሞ፣ እያንዳንዱን መጠሪያ ከሙሉ ዋጋው ጋር በአንድ መስመር ያወጣል። ባለሙያዋ ትእዛዙን ሰጠች፤ «የራሴ ቤት» በሚለው መስመር ጫፍ ላይ የነጋዴዎቹ ስሞች ተሰልፈው ወጡ። ብዙ አልተናገረችም። ስሞቹን ሰርዛ ሰርቨሩ ፋይሉን እንደገና እንዲያነብ አደረገች፤ ከዚያ በኋላ የመጣው መልእክት ገባ።

ይህ የቅጥያ ደንብ የፖስትፊክስ ፈጠራ አይደለም። የኢሜይል ራስጌ ራሱ እንዲህ ነው የሚታጠፈው፤ እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው የመልእክት አጻጻፍ ደንብም በክፍት ቦታ የሚጀምር የራስጌ መስመር የቀደመው ቀጣይ ነው ይላል። ሌሎች ሰርቨሮች ግን ሌላ መንገድ መርጠዋል። ፊሊፕ ሄዝል እ.ኤ.አ. በ1995 በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው ኤግዚም መስመር እንዲቀጥል የሚፈልገው ጫፉ ላይ ባክስላሽ (\) ሲደረግ ነው። የቀድሞው ሴንድሜይል ደግሞ በሕግ መስመሮቹ ግራና ቀኝ መካከል ታብ ካልተደረገ አይሰማም፤ ስፔስ ለዓይን ታብ ቢመስልም ለእሱ ሌላ ነገር ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሸጋገር ባለሙያ ልማዱን ይዞ ይሄዳልና ይወድቃል።

የትእምርተ ጥቅሱ ነገር ከዚህም ይከፋል። የሊኑክስ ትእዛዝ መስጫ የለመደ ሰው እሴትን ሁሉ በጥቅስ መክተት ደኅንነት ይመስለዋል። በፖስትፊክስ ዋና ፋይል ጥቅስ ምንም ሥልጣን የለውም፤ የዋጋው አካል ሆኖ ይገባል። የሰርቨሩን ስም በጥቅስ ከከተቱት ሰርቨሩ ስሙ ጥቅስን የጨመረ ይመስለውና «የማይፈቀድ ምልክት 34» ብሎ ይቆማል። ቁጥሩ የምልክቱ መለያ ነው። 34 ቀጥ ያለው ጥቅስ ነው። 226 ከሆነ ከወርድ የመጣ የተጠማዘዘ ጥቅስ፣ 194 ከሆነ ደግሞ የእኛው « ሊሆን ይችላል። ያን ቁጥር ማንበብ የቻለ ሰው ብዙ ሰዓት ይተርፍለታል።

የደረሰውን ደብዳቤ ከሳጥኑ ለባለቤቱ በሚያቀርበው ፕሮግራም፣ በዶቭኮት፣ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። የዳታቤዙ የይለፍ ቃል ውስጥ ሃሽ ካለ በጥቅስ መክተት ግድ ነው፤ አለዚያ ከሃሹ በኋላ ያለው ኮሜንት ሆኖ ይጣልና የይለፍ ቃሉ ግማሽ ይቀራል። ስህተቱ የሚመጣው «የይለፍ ቃል ተሳስቷል» ተብሎ ስለሆነ ሰው የይለፍ ቃሉን ደጋግሞ ይቀይራል፤ ወደ ጥቅሱ ዞር የሚል ጥቂት ነው። በኤግዚም ደግሞ እሴቱ በጥቅስ ከተጀመረ ባክስላሽ ትርጉሙ ይለወጣል፤ አንድ የነበረው ሁለት መሆን አለበት። አንድ ዓይነት ምልክት፣ ሦስት ቤት፣ ሦስት ሕግ።

እኛ አገር የዚህ ጥፋት ትልቁ በር፣ ባየሁት ልክ፣ ቴሌግራም ነው። ባለሙያዎች ትእዛዝና የፋይል ቁራጭ የሚለዋወጡት በዚያ ነው፤ ወልድያ ያለው ቆቦ ላለችው፣ አዲስ አበባ ያለው ለሁለቱም። በኮምፒውተር ላይ ያለው ቴሌግራም ሁለት የ«ይበልጣል» ምልክት በተከታታይ ሲጻፍ ወደ » ይቀይራል፤ ሁለት አጭር ሰረዝንም ወደ አንድ ረጅም ሰረዝ። አማርኛ ለሚጽፍ ሰው መልካም አገልግሎት ነው። ለሰርቨር ባለሙያ ግን ሁለት «ይበልጣል» ማለት ጽሑፍን በፋይል ጫፍ ላይ ጨምር የሚል ትእዛዝ ነው፤ ሁለት ሰረዝም የአማራጭ ስም መጀመሪያ ነው። ተቀባዩ የደረሰውን ገልብጦ ሲለጥፍ ትእዛዙ አይታወቅም። ፈውሱ ቀላል ነው፤ ትእዛዙን በጽሑፍነት ከመላክ በፋይልነት ማያያዝ።

ከድረ ገጽ ሲገለበጥ የሚመጣው ደግሞ የማይሰበር ክፍት ቦታ ነው። ለዓይን ስፔስ ነው፤ በባይት ግን ሌላ ምልክት። ፖስትፊክስ መስመሩ በስፔስ እንደጀመረ ስለማያውቅ ቅጥያ መሆኑን አይቀበልም፤ አዲስ መጠሪያ መስሎት «የእኩል ምልክት የለም» ብሎ ከነመስመር ቁጥሩ ያመለክታል። መስመሩን ሃያ ጊዜ ቢያዩት የሚታይ ነገር የለም። የተደበቀውን የሚያሳይ ትእዛዝ አለ፤ ካት የሚባለው ሁሉንም አሳይ ከሚለው አማራጭ ጋር ሲሰጥ ታቡን፣ የመስመሩን ጫፍና ከዊንዶውስ የመጣውን ትርፍ የመመለሻ ምልክት እያወጣ ይጽፋል። ይህ የመመለሻ ምልክት በኖትፓድ የተጻፈ ትንሽ ስክሪፕት ወደ ሊኑክስ ሲሄድ ራሱን ችሎ ይጥለዋል፤ በመጀመሪያው መስመር ላይ ያለው የአስተርጓሚው ስም ጫፉ ላይ የማይታይ ፊደል ስለሚጨመርበት ሲስተሙ «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» ይላል፤ ፋይሉ ግን ፊት ለፊት አለ።

ጥቅስና አማርኛ መጋጨት የጀመሩት ዛሬ አይደለም። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም ነው። ከዚያ በፊት በውጭ አገር ያሉ ኢትዮጵያውያን በኢሜይል አማርኛ ለመጻጻፍ ሴራ የሚባለውን ሥርዓት ይጠቀሙ ነበር፤ ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ ያዘጋጁትን፣ ፊደላችንን በላቲን ፊደል የሚወክለውን። የዘመኑ ኢሜይል ከሰባት ቢት በላይ ስለማያሳልፍ ሌላ መንገድ አልነበረም። ንጉሡን «ሠ» ከእሳቱ «ሰ» ለመለየት ሴራ ወደ ኋላ ያዘነበለውን ጥቅስ ይቀድምበታል። የሴንድሜይል ማዋቀሪያ የሚዘጋጅበት የማክሮ ቋንቋም የጥቅስ መክፈቻው ያው ወደ ኋላ ያዘነበለው ምልክት ነው። ያ ምልክት በአንዱ ፊደል ለይ፣ በሌላው ጥቅስ ክፈት ማለት ነው። አማርኛን በኮምፒውተር ያስገቡ ሰዎች ከፊደሉ ብዛት ብቻ ሳይሆን ከእንዲህ ያለ የምልክት ጥበትም ጋር ነው የታገሉት፤ ሥራቸው ከሚወራለት በላይ ነው።

ወደ ዛሬ እንመለስ። ከርዕስ ሌላ የደብዳቤው አካል ራሱ የመስመር ገደብ አለው፤ አንድ መስመር ከ998 ባይት አይበልጥም። በእንግሊዝኛ 998 ባይት ረጅም አንቀጽ ነው፤ ብዙ ሰው አይደርስበትም። በአማርኛ ግን አንድ ቃል አራት ፊደልና አንድ ክፍት ቦታ ቢሆን 13 ባይት ነው፤ ስለዚህ ከ70 እስከ 80 ቃል ያለው አንቀጽ፣ መካከሉ ላይ ኢንተር ካልተመታ፣ ገደቡን ይሞላል። የቢሯችን አማርኛ ደግሞ አንቀጹን ማስረዘም ይወዳል። ላኪው ፕሮግራም ጽሑፉን ሳይጠቀልል እንዳለ ከለቀቀው ፖስትፊክስ ወደ ሌላ ሰርቨር ሲያስተላልፍ ገደቡ ላይ መስመሩን ይሰብርና አዲስ መስመርና አንድ ክፍት ቦታ ያስገባል። የሚቆጥረው ባይት ነው። ከግማሽ በላይ በሆነ ዕድል ስብራቱ በፊደል ሆድ ውስጥ ይወድቃል።

ጥፋቱ በአንድ ፊደል አያበቃም። ዛሬ ሰርቨሮች ለሚልኩት መልእክት ዲኪም የሚባል የምስጢር ፊርማ ያኖራሉ፤ ተቀባዩ አካሉ ሳይነካ መድረሱን በፊርማው ያረጋግጣል። ፊርማው የሚደረገው መስመሩ ከመሰበሩ በፊት ከሆነ፣ ኋላ የገባው አዲስ መስመር አካሉን ለውጦታልና ፊርማው ይፈርሳል። ጂሜይልና ያሁ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2024 ጀምሮ የላኪ ማረጋገጫን አጥብቀዋል። ከቆቦ የሚላክ ረጅም የአማርኛ የውል ደብዳቤ በገዢው የቆሻሻ ሳጥን ውስጥ የሚያርፍበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ከዚያው ሰርቨር የወጣ አጭር የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ግን ያለ ችግር ይደርሳል። ባለሙያው ሰርቨሩን በእንግሊዝኛ «ሙከራ» በሚል አንድ ቃል ፈትኖ ደህና ነው ካለ ደንበኛው «የእኔ ብቻ ለምን?» ቢል መልስ አያገኝም። ይህ ያስቆጨኛል። በራሱ ቋንቋ የሚጽፍ ነጋዴ ከሌላው ያነሰ አገልግሎት የሚያገኝበት ምክንያት መኖር የለበትም፤ መድኃኒቱም ውድ አይደለም። አካሉ በቤዝ 64 ተጠቅልሎ ይላክ። በዚያ አጠቃለል አንድ መስመር 76 ምልክት ነው፤ 19 የአማርኛ ፊደል ይይዛል፤ ገደቡ አጠገብ እንኳ አይደርስም።

የፊርማው ቁልፍ ራሱም በጥቅስ ደንብ ይሰነካከላል። ቁልፉ የዶሜን ስሞች በሚመዘገቡበት በዲ.ኤን.ኤስ. ውስጥ ነው የሚቀመጠው፤ እዚያ አንድ የጽሑፍ ቁራጭ ከ255 ባይት አይበልጥም። የተለመደው የ2048 ቢት ቁልፍ ግን ሲጻፍ 392 ምልክት ነው። ስለዚህ በሁለት ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ የራሱ ጥቅስ አለው፤ ነጠላ ሰረዝ በመካከላቸው አይገባም። በእጅ በሚጻፍ የዞን ፋይል ጥቅሱ ከተረሳ ሴሚኮለኑ የኮሜንት መጀመሪያ ይሆንና ቁልፉ ይጠፋል። በድረ ገጽ በሚሞላ ቅጽ ደግሞ፣ ቅጹ ጥቅሱን ራሱ የሚያኖር ከሆነ፣ የጨመሩት ጥቅስ የቁልፉ አካል ሆኖ ያበላሸዋል።

የመስመር መስበሪያ የደኅንነት ጉዳይ መሆኑም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ቲሞ ሎንጊን የተባለ ተመራማሪ ኤስ.ኢ.ሲ. ኮንሰልት ከተባለው ድርጅት ጋር አንድ ግኝት ይፋ አደረገ። ሰርቨሮች መልእክት ማለቁን የሚያውቁት ብቻውን በመስመር ላይ በቆመ ነጥብ ነው፤ አንዳንዶቹ ግን የመስመሩን ጫፍ ጎደሎ ሆኖም ይቀበሉታል። አንዱ አላለቀም የሚለውን ሌላው አልቋል ስለሚል፣ በአንድ መልእክት ሆድ ውስጥ ሌላ የሐሰት መልእክት ማሳለፍ ይቻላል። ፖስትፊክስ ወዲያው ማስተካከያ አወጣ፤ በ3.9 እትም ጥበቃው ሳይታዘዝ የሚሠራ ሆኗል። ባለሙያዋ የእትሙን ቁጥር አብረን ስናይ ከዚያ በታች ሆኖ ስላገኘችው ጥበቃውን በእጇ አበራችው።

ሰርቨሩ ለምን ውጭ አገር እንደሆነ ጠይቄያት ነበር። ቆቦ ከሐምሌ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ተይዛ ቆይታለች፤ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲያገረሽም ከፊተኞቹ ግንባሮች አንዷ ነበረች። መብራትም፣ ስልክም፣ ባንክም ተቋርጠው የከረሙባት ከተማ ናት። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቷል። «ሰርቨሩ እዚህ ቢሆን ኖሮ የሰው ደብዳቤ ሁሉ ይጠፋ ነበር፣ ጋሼ» አለች። እውነቷን ነው፤ ማድረስ ያልቻለውን መልእክት ፖስትፊክስ ሌላ ካልታዘዘ አምስት ቀን ይሞክርና ለላኪው ይመልሳል። ኪራዩ ውጭ አገር ሲሆን ደብዳቤው ባለቤቱ ኢንተርኔት እስኪያገኝ በሳጥኑ ውስጥ ይጠብቃል።

ከዚያ ቀን በኋላ የማዋቀሪያ ፋይሉን በነካች ቁጥር የምታደርገውን አሳይታኛለች። መጀመሪያ ፋይሉን ገልብጣ ታስቀምጣለች። ከለወጠች በኋላ ፖስትኮንፍ ያወጣውን ከለውጡ በፊት ካወጣው ጋር ታስተያያለች፤ ልዩነቱ የታሰበው መስመር ብቻ መሆን አለበት። ቀጥላ በአማርኛ የሙከራ ደብዳቤ ትልካለች፤ ርዕሱ ከ20 ፊደል በላይ፣ አካሉ ኢንተር ሳይመታ ወደ 100 ቃል የሚጠጋ አንድ አንቀጽ፣ በውስጡም « እና » ያሉበት። ለሦስት የተለያዩ ተቀባዮች ነው የምትልከው፤ አንዱ ጂሜይል፣ ሁለተኛው ያሁ፣ ሦስተኛው ደሴ ያለው፣ «ግ»ን ያጣው መሥሪያ ቤት። ከሦስቱም ፊደሉ ሙሉ፣ ፊርማው የጸና ሆኖ ሲመለስ ነው ለነጋዴዎቹ ሰርቨሩ ክፍት ነው ብላ የምትደውለው።